ሐሙስ የደረሰው ድምፅ

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። ይህን ያለው ሰው ምን ዓይነት ሆድ እንደነበረው እንጃ፤ ብቻ ፈሪዳን አያውቃትም። እሷ ሆድ ውስጥ የገባው ዝምታ ገና ውሎ ሳያድር ነቅዞ፣ ነቀዙ ወደ ጉሮሮዋ እየወጣ እህል አላስበላ አላት።

ፈሪዳ የሱቅ ቤት ልጅ ናት። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ፣ ምድር ቤት ላይ፣ ከስኳር እስከ ሞባይል ካርድ የሚሸጡት ጋሽ ኸይረዲን አባቷ ናቸው። ከሱቁ ኋላ ሩዝና ዘይት፣ የልብስ ሳሙናም የሚከማችበት ጠባብ ክፍል አለ። ዋይፋዩ ከሌላው ቦታ ሁሉ እዚያ ስለሚሻል፣ ፈሪዳና ሁለቱ የክፍል ጓደኞቿ፣ እድላዊትና ሞቱማ፣ የፊዚክስ ሥራቸውን የሚሠሩት የሳሙና ካርቶን ላይ ቁጭ ብለው ነበር። የአስራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ርዕሳቸው የኮከብ ሕይወት ነው፤ ኮከብ እንዴት እንደሚወለድ፣ ምን እያነደደ እንደሚኖር፣ እንዴት እንደሚሞት ከኢንተርኔት ፈልገው፣ የጥር ወር ፈተና ባለቀ ማግስት፣ አርብ ዕለት፣ ወላጆች ባሉበት ማቅረብ አለባቸው።

ርዕሱን የመረጠችው እድላዊት ናት። ሌላ ማን ይመርጠዋል? ሞቱማ ለራሱ ስለ ኳስ ፍጥነት ይሁንልን ብሎ ሲነዘንዝ ነበር። እድላዊት ግን ምክንያት ነበራት። አባቷ ፈቃደ የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነው። እናቷ ገና በጨቅላነቷ ስለሞተች፣ ያደገችው የአባቷ እህት እትዬ ታየች ቤት፣ ከሱቁ በላይ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። አባቷን በወር አንዴ ብታየው ነው። ታዲያ አባትና ልጅ አንድ ውል ነበራቸው። እሱ አፋር በረሃ ላይ መኪናውን አቁሞ ሲያርፍ፣ እሷም ሕንፃው ጣራ ላይ ወጥታ፣ ሁለቱም አንዲት ቀይ ኮከብ ያያሉ። ስሟን አያውቁትም፤ «ቀይዋ» ነው የሚሏት። ዘንድሮ እድላዊት ስልኳ ላይ ስትፈልግ ስትፈልግ፣ ቤቴልጉዝ የምትባል፣ ከፀሐይ በብዙ መቶ እጥፍ የምትሰፋ፣ ዕድሜዋን የጨረሰች አሮጊት ኮከብ መሆኗን ደረሰችበት። የዚያን ቀን ደስታዋ አይጣል ነው። ለአባቷ በቴሌግራም ድምፅ ላከችለት፤ እሱም አርብ ጭነቱን አራግፎ እንደሚደርስ፣ ከፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ እንደሚያዳምጣት ቃል ገባላት። እድላዊት እንግዲህ ፈተናውንም ትንሽ፣ ኮከቡን ደግሞ ትልቅ አድርጋ የያዘችው ለዚያች ወንበር ብላ ነው።

ፈቃደ ግን እሁድ ለሰኞ አጥቢያ ሚሌ አጠገብ መኪናው ተገልብጦ ሞቷል።

ይህን ፈሪዳ ያወቀችው ማክሰኞ ነው፤ ያወቀችውም ማንም ሊነግራት ፈልጎ አይደለም። ከሰዓት ዘይት ልታወጣ ወደ ኋለኛው ክፍል ስትገባ፣ እትዬ ታየች ከላይ እስከ ታች ጥቁር ለብሰው፣ ዓይናቸው አብጦ፣ በጠርሙስ ውሃ ፊታቸውን ሲታጠቡ አገኘቻቸው። ሰኞ ማለዳ ወሊሶ የዘመድ ልጅ መልስ አለ ብለው ነበር የሄዱት። ወሩ ጥር ነው፤ በጥር ሰርግ አለብኝ ያለን ሰው ማን ይጠይቀዋል? ወሊሶ የሄዱት ወንድማቸውን ሊቀብሩ ነበር። አሁን ወደ ቤት ከመውጣታቸው በፊት፣ ልጅቷ እንዳታይ፣ ጥቁሩን አውልቀው የሰርግ ቀሚሳቸውን እየለበሱ ነው። ፈሪዳን ሲያዩ አንዴ ደነገጡ፤ ከዚያ ካርቶኑ ላይ ዘፍ ብለው፣ አፋቸውን በነጠላቸው ጠቅጥቀው አለቀሱ። ድምፅ የለውም እንጂ እንዲያ ያለ ልቅሶ ፈሪዳ ዓይታ አታውቅም። ሲወጡ ድምፃቸው ተዘግቶ ነበር። ለእድላዊት በእልልታ ነው የተዘጋው አሏት፤ እሷም ስቃ ሻይ በሎሚ አፈላችላቸው።

ነገሩን የቆረጡት የእድሩ ሰዎች ናቸው። የእድሩ ዳኛ ጋሽ ፍሰሐ ሱቁ ድረስ መጥተው ከጋሽ ኸይረዲንና ከእትዬ ታየች ጋር ተማከሩ። ልጅቷ ረቡዕና ሐሙስ ፈተና አለባት፣ አርብ ደግሞ ያ ሥራዋ፤ ዓመቷ ከሚበላሽ ትጨርስና ቅዳሜ ሊነጋ ሲል እናርዳት አሉ። ክፋት አልነበረበትም። መርዶ እንደዚያ ነው፤ ሰው ተሰብስቦ፣ ደጋፊ ተዘጋጅቶ፣ ጎህ ሳይቀድ ይነገራል እንጂ እንደ ሸቀጥ ዋጋ በየመንገዱ አይጣልም። ደግሞም በዚህ ሕንፃ ውስጥ እንዲህ ተደብቆለት ዲግሪውን የያዘ ልጅ አለ፤ እስከ ዛሬ የደበቁትን ሰዎች ይመርቃል።

ፈሪዳ ግን አልዋጥ አላት። አያቷ ሲሞቱ ገና ሰውነታቸው ሳይቀዘቅዝ ነበር የነገሯት፤ ከሰዓት ተቀብረው ማታ ቁርአን ሲቀራላቸው እሷም ቁጭ ብላ አልቅሳ ወጥቶላታል። ይህንኑ ለአባቷ ነገረቻቸው። ጋሽ ኸይረዲን የሱቁን መስኮት እየዘጉ መለሱላት።

«የሰው ሐዘን ባለቤት አለው፣ ልጄ። ባለቤቱ ሳይከፍተው እኛ በሩን አንከፍትም።»

እሷም በሩን ልትጠብቅ ተስማማች። ምን ታድርግ?

ረቡዕ ከፈተና መልስ እትዬ ታየች ሱቁ ኋላ ጠሯት። ከመርካቶ ያመጡት፣ ገና ያልተለበሰ ጥቁር ቀሚስ በእጃቸው ነበር። ልኩን እንጃ አሏት፤ አንቺና እሷ እኩያ ናችሁ፣ እስቲ ለክተሽ አሳይኝ። ፈሪዳ እምቢ የምትልበት አፍ አጣች። ሂጃቧን አስተካክላ፣ የጓደኛዋን የሐዘን ልብስ በዩኒፎርሟ ላይ አጠለቀች። ወገቡ ሰፍቷት ስለነበር እትዬ ታየች በመርፌ ወግተው ያዙት፤ እንባ ዓይናቸውን ጋርዶት ሁለቴ ቆዳዋን ወጉት። አልጮኸችም። ቀሚሱ ተሰፍቶ ሲመለስ በቢጫ ፌስታል ተጠቅልሎ፣ ከሳሙናው ካርቶኖች ኋላ ተቀመጠ።

ከዚያም ያው ክፍል፣ ያው ካርቶን፣ ያው ዋይፋይ። እድላዊት የጽሑፍ ገጾቹን እየከፈተች ለሁለቱ ትተረጉማለች። ኮከብ ሃይድሮጅን እያነደደ ይኖራል፤ የሚያነድደው ሲያልቅበት ያብጣል፣ ይቀላል፣ በመጨረሻም በራሱ ላይ ይፈርሳል። ከቀይዋ የሚነሳው ብርሃን እኛ ዘንድ ለመድረስ ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ይፈጅበታል፤ ዛሬ የምናየው ብርሃን የተነሳው ነገሥታቱ በድንኳን ከተማ በሚዞሩበት ዘመን ነው። ስለዚህ ዛሬ ትኑር ትሙት የሚያውቅ የለም። ሞቱማ ይህን ሲሰማ ከት ብሎ ሳቀ።

«እና ሞታ ከሆነ ማን ሊያረዳን ነው?»

እድላዊትም ሳቀች። ቀልዱን ስለወደደችው የመጨረሻው ስላይድ ላይ «መርዶው ገና መንገድ ላይ ነው» ብላ ጻፈችበት። ፈሪዳ ይሄ ይውጣ፣ መምህሩ አይወድም አለች። እድላዊት ደግሞ አንቺ ሰሞኑን ምን ነክቶሻል፣ ቀልድ ጠላሽ ብላ አሾፈችባት። ከዚያ ካርቶኑ ጎረበጣትና የምትቀመጥበት ለስላሳ ነገር ፍለጋ እጇን ወደ ኋላ ሰደደች፤ ቢጫውን ፌስታል ጎትታ ልትቀመጥበት ስትል ፈሪዳ ከእጇ መነጨቀቻት። የሰው ዕቃ ነው አለች። ድምፅዋ ከሚገባው በላይ ጮኸ፤ ሞቱማ «በስመ አብ» ብሎ አማተበ፣ እድላዊትም ተቀይማ ወደ ስልኳ ዞረች።

ሐሙስ ፈተናው አለቀ። ፀሐይ ከገባች ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሁለቱ ሴት ልጆች ቀይዋን ለነገ ፎቶ ሊያነሷት ጣራ ላይ ወጡ። ጨረቃ ገና ስላልወጣች ሰማዩ ጠቁሯል፤ ከሰንጋ ተራ ፎቆች መብራት በላይ ኮከቡ እንደ ጉድ ፈስሷል። እድላዊት አባቷ ለምን ከእሁድ ጀምሮ መልእክቷን እንዳልከፈተላት ታወራ ነበር። በረሃ ነው፣ ኔትወርክ የለም እያለች ራሷው ትመልሳለች። ግን ቅር ብሏታል። ፈሪዳ ያን ጊዜ ልቧ ከዳት። ልትነግራት ነው። አባቷ አንከፍትም ያሉትን በር ሰብራ ልትገባ እጇን ጓደኛዋ ትከሻ ላይ አሳረፈች፣ «እዱ» ብላ ጀመረች።

ስልኩ ጢን አለ። እድላዊት አየችና እልል ልትል ምንም አልቀራት፤ የአባቷ ድምፅ ነበር። ከፍ አድርጋ ከፈተችው።

«እማዬ፣ አባትሽ ነኝ። ዛሬ ጨረቃዋ ሙሉ ሆና ሜዳውን ቀን አስመስላዋለች፤ ትንንሾቹ ኮከቦች ሁሉ ጠፍተዋል። ቀይዋ ግን አለች፣ እያየኋት ነው። አርብ እመጣለሁ። ከፊት ወንበር ያዢልኝ።»

ፈሪዳ እጇን ከጓደኛዋ ትከሻ ላይ አነሳች። ማክሰኞ የተቀበረ ሰው ሐሙስ ማታ ሲናገር መስማት ቀልድ አይደለም። እድላዊት ግን የሰማችው «አርብ እመጣለሁ» የሚለውን ብቻ ነው። እየዘለለች ደረጃውን ወረደች፤ ፈሪዳ የጀመረችው ቃል ጣራው ላይ ቀረ።

እንዴት እንደሆነ የኋላ ኋላ ታወቀ። ፈቃደ ድምፁን የቀዳው እሁድ ማታ፣ ከመነሳቱ በፊት፣ ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ነው። መልእክቱ ስልኩ ውስጥ እንደታቀፈ መኪናው ተገለበጠ። ረዳቱ ከአደጋው የተረፈውን ስልክ ይዞ አዲስ አበባ ሲገባ ለቤተሰቡ ከመስጠቱ በፊት ቻርጅ አድርጎ ከፈተው፤ የተከፈተ ስልክ ደግሞ ያቀፈውን ይልካል። ቴሌግራም ላይ የተጻፈው ቀን ድምፁ የተቀዳበት ቀን ሳይሆን የደረሰበት ቀን ነበር።

እድላዊት ድምፁን መጀመሪያ ያሰማችው አክስቷን ነው። እትዬ ታየች ወጥ ቤት ቆመው ሽንኩርት እየከተፉ የሞተ ወንድማቸውን ድምፅ ከዳር እስከ ዳር አዳመጡ፤ አላለቀሱም፣ እሰይ እንኳን ደረሰሽ አሉ። ቀጥሎም ሽንኩርቱ ዓይኔን ፈጀኝ ብለው መታጠቢያ ቤት ገቡና ቧንቧውን ከፈቱት። እድላዊት ውሃው ብዙ ስለፈሰሰ አክስቴ ረስታው ነው ብላ በሩን አንኳኳች። እንዲህ ያለ ጭካኔ ጠላት እንኳ አያስበውም፤ እነሱ ግን ከፍቅር ነበር የሠሩት።

አርብ መጣ። እድላዊት አዳራሹ ውስጥ ፊት ረድፍ ላይ፣ ከአክስቷ አጠገብ ያለውን ወንበር በቦርሳዋ ያዘች። እትዬ ታየች የሰርግ ቀሚሳቸውን ለብሰው ከዚያ ቦርሳ ጎን ተቀመጡ። ተራቸው ሲደርስ ሞቱማ ስለ ኮከብ መወለድ አወራ። ፈሪዳ ስለ ሞቱ እንድታወራ ነበር የተመደበው፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር ብላ ድምፅዋ ተሰበረና ቀሪውን እድላዊት ተቀበለቻት። ፍርሃት ነው ብለው ሰዎች አጨበጨቡላት። እድላዊት ግን ዓይኗን ከበሩ ሳትነቅል፣ ቆንጆ አድርጋ ጨረሰችው። የምናያት ኮከብ የለች ይሆናል፣ ብርሃኗ ግን መንገድ ስለጀመረ ይመጣል፤ እኛም አለች ብለን እንስቃለን አለች። የመጨረሻው ስላይድ ሲወጣ አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንደኛ ወጡ። ቦርሳው ከወንበሩ ላይ አልተነሳም። ወደ ቤት ስትመለስ አባቷ ኬላ ላይ ተይዞ ይሆናል፣ ነገ ሲመጣ አንድ በአንድ እነግረዋለሁ እያለች ነበር፤ ፈሪዳም አጠገቧ እየሄደች አዎ ትላታለች።

ቅዳሜ ሊነጋ ሲል ሰዎቹ ጫማቸውን እንዳያሰሙ እየተጠነቀቁ ደረጃውን ወጡ። የእድሩ ድንኳን ግቢው ውስጥ ተጠቅልሎ ይጠብቃል። ፈሪዳም ከአባትና ከእናቷ ጋር ወጣች፤ ከበሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። እድላዊት ጋቢ ተከናንባ ስትወጣ ሳሎኑ ሞልቶ አገኘችው። ጋሽ ፍሰሐ ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ሁላችንም የእግዜር እንግዶች ነን፣ አባትሽ ፈቃደ መንገድ ላይ ሳለ ጌታው ጠራው አሏት። ሁለት ሴቶች እንዳትወድቅ ከግራና ከቀኝ ያዟት።

አልወደቀችም። ይልቁንም ፈገግ አለች። ሰዎቹን እንደ ማዘን ብላ ነበር ያየቻቸው።

«ተሳስታችኋል ጋሼ። ሌላ ፈቃደ ይሆናል። አባዬ እኮ ሐሙስ ማታ ድምፅ ልኮልኛል።»

ስልኳን አውጥታ ከፈተችው። ያ ድምፅ «እማዬ፣ አባትሽ ነኝ» ሲል ሴቶቹ መያዝ አቃታቸው፤ ቤቱ በዋይታ ተናጋ። ለምን እንደሚያለቅሱ አልገባትም። ተናደደች። ቀኑን እዩት፣ ሐሙስ ይላል እያለች ስልኩን ለእያንዳንዱ ሰው ታሳያለች። ማንም አላየላትም። በመጨረሻ በበሩ አጠገብ ፈሪዳን አገኘቻት።

«ንገሪያቸው እንጂ ፈሪዳ! አብረን ሰምተን የለ?»

እትዬ ታየች ፊታቸውን ሸፈኑ። ፈሪዳ አባቷን አየች፤ ጋሽ ኸይረዲን አንገታቸውን ደፉ። በሩ እንግዲህ በባለቤቶቹ ተከፍቷል፣ የሚገባበት ግን ጠፍቷል። ሄዳ ጓደኛዋ ፊት ቆመች።

«እዱ፣ ሐሙስ ጣራ ላይ ስንወጣ ጨረቃ ነበረች?»

እድላዊት ምን ትቀላምዳለች ብላ ልትቆጣት አፏን ከፈተች። ከዚያ ዘጋችው። ድምፁን እንደገና አጫወተች፤ ጨረቃዋ ሙሉ ሆና የሚለው ቦታ ሲደርስ አቆመችው። ጭንቅላቷ ነው ጠላቷ፤ ሰው ሲያለቅስ እሷ ታሰላ ነበር። ጨረቃ ሙሉ የነበረችው እሁድ ነው። ሐሙስ አምሽታ ነው የምትወጣው። ጣራው ላይ ሲወጡ ሰማዩ ጥቁር ነበር።

«እሁድ ነው የተናገረው» አለች፣ ለማንም ሳይሆን። ዓይኗን ቀና አድርጋ ፈሪዳን ጠየቀቻት። «ታዲያ ሐሙስ የደረሰኝ ምንድነው?»

ፈሪዳ አብረው ለአርብ ከጻፉት ሌላ ቃል ከየት ታምጣ? «ብርሃኑ ነው፣ እዱ» አለቻት።

ያን ጊዜ ነው የወደቀችው። ሁለቱ ሴቶች አልቻሏትም፤ ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ ስልኩን ደረቷ ላይ አጣብቃ፣ ወንበር ይዤለት ነበር፣ ወንበር ይዤለት ነበር እያለች ጮኸች። ታች ግቢው ውስጥ ሰዎች ድንኳኑን መትከል ጀመሩ። ፈሪዳም አለቀሰች፤ የአራት ቀኑ ሁሉ ባንዴ ወጣላት። አጠገቧ ልትቀመጥ ስትል እትዬ ታየች በእንባ መሃል ጠሯት። ልብሱን አምጪላት አሏት።

ይህን ማለት አልነበረባቸውም፤ ግን ሐዘን ምን አስተውሎ ይናገራል? ፈሪዳም ማሰብ ነበረባት፤ አላሰበችም። የትኛውን ልብስ ብላ አልጠየቀችም፣ የት ነው አላለችም። ደረጃውን ሮጣ ወርዳ፣ ሱቁን በኋላ በር ከፍታ፣ ቢጫውን ፌስታል ይዛ ሮጣ ተመለሰች። ፌስታሉ የሳሙና ሽታ ይዟል።

እድላዊት ልቅሶዋን አቆመች። ፌስታሉን አየች፣ ፈሪዳን አየች።

«ልቀመጥበት ስል የቀማሽኝ» አለች በቀስታ።

ፈሪዳ ፌስታሉን ለእትዬ ታየች አቀበለች። እድላዊት ከዚያ ወዲያ ወደ ፈሪዳ አልዞረችም፤ በሦስቱም ቀን ልቅሶ፣ ድንኳኑ ውስጥ ፊት ለፊቷ ተቀምጣ ሳለች አንድም ቀን አልዞረችም። አሁን እጆቿን ወደ ላይ ዘረጋች፣ እንደ ሕፃን፤ አክስቷም ጥቁሩን ቀሚስ በራሷ ላይ አሳልፈው አለበሷት። ልኩ በፈሪዳ ላይ ስለተወሰደ፣ ልክክ አለላት።